«አንቲቫይረሱን ለጊዜው ያጥፉት» ካልኳቸው ወዲህ ደንበኛዬ ዝም አሉ

የአንባቢ ደብዳቤ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በግሌ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ለድርጅቶች የበጀትና የደመወዝ ሰንጠረዥ በኤክሴል አዘጋጃለሁ። ከሰንጠረዡ ጋር ሪፖርቱን በራሱ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራምም ሠርቼ እሰጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ለአንድ ትልቅ ደንበኛዬ ሥራውን ዚፕ አድርጌ በኢሜይል ላክሁላቸው። ኢሜይሉ አልሄድም አለ። ፓስወርድ ሳደርግበት ግን አለፈ። እሳቸው ሲከፍቱት ኮምፒውተራቸው «ትሮጃን ተገኝቷል» ብሎ ፋይሉን አነሳባቸው። ደንግጠው ደወሉልኝ። ፋይሉን ራሴ ስለሠራሁትና ምንም እንደሌለበት ስለማውቅ «አንቲቫይረሱን ለጊዜው ያጥፉትና ይክፈቱት» አልኳቸው። «እሺ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ጠፋ፤ ክፍያዬም ቆመ። እሳቸውም ከዚያ በፊት የላኩልኝን አንድ የወርድ ፋይል የእኔ አንቲቫይረስ አጥፍቶብኝ ነበር። አፍሬ አልነገርኳቸውም። ቫይረስ እንዳልላክሁባቸው እንዴት ላሳምናቸው?

መልስ

እህቴ፣ ጭንቀትሽ ገብቶኛል። የደከምሽበት ሥራ «ትሮጃን»፣ ማለትም ደኅና መስሎ የሚገባ አደገኛ ፕሮግራም፣ ተብሎ ሲመለስ ያማል። ግን ከማሳመን በፊት ማረጋገጥ ይቀድማል። እስካሁን ደግሞ አላረጋገጥሽም። ፋይሉን አንቺ ስለሠራሽው ብቻ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ስለ ዝምታቸው። ያስፈራቸው ማስጠንቀቂያው ብቻ አይመስለኝም፤ «ያጥፉት» ማለትሽም ነው። እስቲ በእሳቸው ቦታ ሆነሽ እዪው። ኮምፒውተሩ «አደገኛ ነገር መጣ» ይላል። የላከችው ሰው ደግሞ «መከላከያውን አጥፍተው ይክፈቱት» ትላለች። አጭበርባሪዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። አንቺን ከእነሱ የሚለይ ምንም ማስረጃ በእጃቸው የለም። ደግሞም በድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ አንቲቫይረሱን ለማጥፋት ሥልጣኑ የለውም። አጥፍቶት አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ ይህን ጥያቄ ለማንም ደንበኛ አታቅርቢ። ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ ፋይሉ ንጹሕ መሆኑን ብታውቂም አታቅርቢ። መከላከያው በጠፋበት ሰዓት ሊገባ የሚችለው ያንቺ ፋይል ብቻ አይደለም።

ማስጠንቀቂያውንም እንደ ስድብ አትውሰጂው። በር ላይ የቆመ ጥበቃ የማያውቀውን እንግዳ አስቁሞ መታወቂያ ቢጠይቅ ሥራውን ነው የሠራው። መታወቂያውን ማሳየት ያለበት ደግሞ እንግዳው ነው። እዚህ ላይ እንግዳው ያንቺ ፋይል ስለሆነ ማስረጃውን የምታቀርቢው አንቺ ነሽ።

ከደብዳቤሽ በጣም ያሳሰበኝ ግን በመጨረሻ ጠቀስ አድርገሽ ያለፍሽው የወርድ ፋይል ነው። አንቺ ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ ነው ያየሻቸው። እኔ ግን ሊገናኙ ይችላሉ ብዬ እሰጋለሁ። አንቲቫይረስሽ የወርዱን ፋይል የያዘው ከመክፈትሽ በፊት ነው ወይስ ከከፈትሽው በኋላ? ከፍተሽው ከነበረ ከላይ የሚመጣውን «ኢኔብል ኮንቴንት» የሚል ቁልፍ ተጭነሻል? ይህ ቁልፍ በሰነዱ ውስጥ ያለ ማክሮ፣ ማለትም ሰነዱ የያዘው ትንሽ ፕሮግራም፣ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ከተጫንሽ ፋይሉ የተነሳው የሚያደርገውን ካደረገ በኋላ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ወደ እሳቸው የሄደው ሥራሽ ከራሳቸው የመጣውን ነገር ይዞ ተመልሶ ሊሆን ይችላል።

ይህ ተራ ስጋት አይደለም። ማክሮ ቫይረስ ከሰነድ ወደ ሰነድ መዛመት የቆየ ጠባዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታየው «ላሩ» የተባለ የኤክሴል ቫይረስ ኤክሴል በተነሳ ቁጥር አብሮ በሚከፈት ፋይል ውስጥ ራሱን ያስቀምጥ ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያ ኮምፒውተር ላይ የሚከፈቱ ሰንጠረዦች ይበከላሉ። እ.ኤ.አ. በማርች 1999 የመጣው «ሜሊሳ» ደግሞ በወርድ ሰነዶች ተዛመተ። በአውትሉክ አድራሻ መዝገብ ላይ ላሉ የመጀመሪያ 50 አድራሻዎች ራሱን ይልክ ነበር። ላኪዎቹ ምንም አያውቁም። ተቀባዮቹም የከፈቱት ከሚያውቁት ሰው ስለመጣላቸው ነው። ቅን ሰው ለቅን ሰው ሳያውቅ ቫይረስ ይልካል። «ራሴ ስለሠራሁት ንጹሕ ነው» ማለት የማይበቃው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለማንም ምንም ፋይል ከመላክሽ በፊት የራስሽን ኮምፒውተር አስፈትሺ። አንቲቫይረሱን አፕዴት አድርጊና «ፉል ስካን» አስኪጂ። ፈጣኑ ስካን አይበቃም። የምትጠቀሚው ማይክሮሶፍት ዲፌንደርን ከሆነ «ኦፍላይን ስካን» የሚባልም አለው። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ሳይነሳ ይፈትሻል። 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሥር የሰደደ ነገር ካለ በዚያ ሰዓት መደበቅ ይከብደዋል። ከዚያ የሌላ ኩባንያ መፈተሻ ጨምሪበት። ማልዌርባይትስ ነጻ ስካን አለው። አንዱ ያለፈውን ሌላው ሊያገኘው ይችላል። አንድ ነገር ከተገኘ በዚያ ኮምፒውተር ሥራ አትላኪ። የኢሜይልና የባንክ ፓስወርዶችሽን ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ላይ ቀይሪ። በቅርቡ ፋይል ለላክሽላቸው ሌሎች ደንበኞችም ንገሪያቸው። ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ከሌላ ሰው ቢሰሙት ግን የባሰ ነው።

የወርዱን ፋይል ጉዳይ ደግሞ ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ማፈርሽ ይገባኛል፤ ታላቅ ሰውን «ፋይልዎ ቫይረስ አለበት» ማለት ቀላል አይደለም። ግን ዝም ስትዪ ያው ፋይል ወደ ሌሎች ሰዎችም እየሄደ ሊሆን ይችላል። እሳቸውም ላያውቁት ይችላሉ። በስልክ ንገሪያቸው፤ ለዚያው ኢሜይል መልስ በመጻፍ አይሁን። ምክንያት አለኝ። የኢሜይል ሳጥን የሰረቁ ሰዎች በነባር የሥራ ውይይት መሀል ገብተው በባለቤቱ ስም ፋይል ይልካሉ። «ኢሞቴት» የተባለው ቫይረስ በዚህ ዘዴ ይታወቅ ነበር። እንዲያ ከሆነ መልስሽን የሚያነበው ሌባው ሊሆን ይችላል። በስልክ ስታገኚያቸው እንዲህ በያቸው፦ «በዚህ ቀን ከእርስዎ አድራሻ ይህን ስም የያዘ ፋይል ደርሶኝ ነበር። አንቲቫይረሴ አስቆመው። እርስዎ ልከውት ነበር? ምናልባት ኮምፒውተርዎን ወይም ኢሜይልዎን ማስፈተሽ ቢኖርብዎ ብዬ ነው የደወልኩት።» ማንንም አልወነጀልሽም። ፋይሉን ከኳራንቲን፣ ማለትም አንቲቫይረሱ አግልሎ ካስቀመጠበት ቦታ፣ መልሰሽ አታውጪው። ሰነዱን እንደገና በፒዲኤፍ ወይም ማክሮ በማይይዘው የወርድ ዓይነት እንዲልኩልሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ራስሽ ፋይል እንምጣ። «ትሮጃን ተገኝቷል» የሚለው ብቻ ብዙ አይነግረንም። ሙሉውን ማስጠንቀቂያ በስክሪንሹት እንዲልኩልሽ ጠይቂ። ማየት ያለብሽ ሁለት ነገር ነው፦ በዚፑ ውስጥ ካሉት የተያዘው የትኛው ፋይል ነው? የተሰጠው ስምስ ምንድን ነው? በማይክሮሶፍት ስያሜ መጨረሻው ላይ «ኤምኤል» የሚል ካለ በማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም በመመሳሰል የተደረሰበት ግምት ነው። ስሙ ውስጥ «ጄን» ወይም «ሂዩር» የሚል ካለም ብዙውን ጊዜ ጥቅል ግምት ነው፤ አንድ የታወቀ ቫይረስ ተለይቶ ተገኘ ማለት አይደለም። ግን ተጠንቀቂ። ግምት ነው ማለት ስህተት ነው ማለት አይደለም። አዳዲስ ቫይረሶችም መጀመሪያ የሚያዙት በግምት ነው።

የእኔ ጥርጣሬ የተያዘው ፕሮግራሙ ነው። በምን እንደሠራሽው አልነገርሽኝም። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጽፈሽ በ«ፓይኢንስቶለር» ወደ ኢኤክስኢ፣ ማለትም ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ ወደሚነሳ ፋይል፣ ቀይረሽው ከሆነ ይህ ችግር በሰፊው የታወቀ ነው። መሣሪያው ለማንኛውም ፕሮግራም የሚጠቀመው ማስነሻ አንድ ዓይነት ነው። ያንኑ መሣሪያ ቫይረስ የሚጽፉ ሰዎችም ይጠቀሙበታል። አንቲቫይረሱ ያንን ማስነሻ ሲያይ የቀድሞዎቹን ያስታውሳል። በዚያ ላይ ፋይልሽን ከዚህ በፊት ማንም አላየውም፤ የማን እንደሆነ የሚገልጽ ዲጂታል ፊርማም የለውም። ይህ ሁሉ ሲደመር አንቲቫይረሱ ቢያስቆመው አይገርምም።

አንቲቫይረሶች በእርግጥም ይሳሳታሉ። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2010 ማክአፊ ባወጣው አንድ አፕዴት የዊንዶውስ ኤክስፒን የራሱን አስፈላጊ ፋይል ቫይረስ ብሎ በመያዙ ብዙ ኮምፒውተሮች መሥራት አቁመው ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ደግሞ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር እንደ ክሮም ያሉ ታዋቂ ፕሮግራሞችን በስህተት አደገኛ ናቸው ብሎ ሲያስጠነቅቅ ነበር። ግን ይህን ለደንበኛሽ እንደ መከራከሪያ አታቅርቢው። «አንቲቫይረስ ይሳሳታል» ማለት የእሳቸው ተሳስቷል ማለት አይደለም። ያ በማስረጃ ነው የሚታየው።

አንዱ ማስረጃ የሚገኘው ከቫይረስቶታል ነው። አንድን ፋይል ከ70 በላይ በሆኑ መፈተሻዎች የሚያይ የጉግል አገልግሎት ነው። እዚህ ላይ ግን ቆም በዪ። ያንቺ ሰንጠረዥ ውስጥ የሰው ደመወዝ አለ። ቫይረስቶታል ላይ የተጫነ ፋይል ለደኅንነት ኩባንያዎች ይሰጣል፤ ከፍለው የሚጠቀሙ ደንበኞችም አውርደው ሊያዩት ይችላሉ። የሠራተኞችን ደመወዝ እዚያ መጫን ከቫይረስ የማይተናነስ ጉዳት ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡን አትጫኚው። ፕሮግራሙን ብቻ፣ ያውም በውስጡ የደንበኛው ስም፣ ፓስወርድ ወይም መረጃ አለመኖሩን አይተሽ ጫኚ። ምስጢር ያለበትን ፋይል በተመለከተ ሃሹን ብቻ መፈለግ ይቻላል። ሃሽ ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ ቁጥር ነው። ሻ-256 የሚባለው 64 ፊደልና አኃዝ አለው። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትቀየር ሃሹ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። ዊንዶውስ ላይ ፓወርሼል የሚባለው የትእዛዝ መጻፊያ ያወጣልሻል። ፋይሉ ከዚህ በፊት ታይቶ ካልሆነ ፍለጋው ምንም አያመጣም፤ ለአዲስ ፋይል የተለመደ ነው።

ውጤቱን ስታነቢ እንደ ድምፅ ቆጠራ አትዪው። ከ70 መሀል አንድ ሁለቱ ጥቅል ስም ከሰጡትና ትልልቆቹ ካለፉት ስህተት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ብዙዎቹ በአንድ የታወቀ የቫይረስ ስም ከጠሩት ሌላ ታሪክ ነው፤ ያኔ ኮምፒውተርሽን እንደገና አስፈትሺ። ሁሉም ቢያልፉትም «ንጹሕ ነው» የሚል የምስክር ወረቀት አይደለም።

ስህተት መሆኑን ካመንሽ ለአንቲቫይረሱ ኩባንያ አመልክቺ። ዋና ዋናዎቹ በስህተት የተያዘ ፋይል የሚቀበሉበት ገጽ አላቸው። ማይክሮሶፍት ለፕሮግራም ሠሪዎች ለብቻው አማራጭ አለው። ፋይሉን ትልኪያለሽ፣ ምን እንደሚሠራ ትጽፊያለሽ፣ ይመረምሩትና ውሳኔያቸውን ያሳውቁሻል። ቀናት ሊወስድ ይችላል። መልሱ ግን ለደንበኛሽ ከአንቺ መሐላ የበለጠ ክብደት አለው። አንድ ችግር አለ። ፕሮግራሙን ባሻሻልሽ ቁጥር አዲስ ፋይል ይሆናል፤ ማስጠንቀቂያውም ሊመለስ ይችላል። ፕሮግራም መሸጥ ቋሚ ሥራሽ ከሆነ በፕሮግራሙ ላይ ዲጂታል ፊርማ የምታኖሪበትን የኮድ መፈረሚያ ሰርተፍኬት መግዛትን አስቢበት። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ በአንድ ቀንም ሁሉንም ማስጠንቀቂያ አያጠፋም። ግን ፋይሉ የማን እንደሆነና በመንገድ ላይ እንዳልተነካ ያሳያል።

እኔ ግን ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቅሻለሁ፦ ፕሮግራሙ የግድ ነው? አንድ የሒሳብ ክፍል ሪፖርት ለማውጣት ኢኤክስኢ የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ አይደለም። ኤክሴል ውስጥ ባሉት ፒቮት ቴብልና ፓወር ኩዌሪ በሚባሉ መሣሪያዎች ብዙውን ሥራ ያለ ማክሮ መሥራት ይቻላል። እንዲህ የተሠራ ፋይል በኤክስኤልኤስኤክስ ዓይነት ይቀመጣል፤ ያ ዓይነት ደግሞ ማክሮ አይዝም። ማክሮ ከሌለ የጥርጣሬው ትልቁ ምክንያት ተነሳ ማለት ነው። እኔ ብሆን ለዚህ ደንበኛ ዛሬ የምሠራው ይህንኑ ነው። ማክሮ የግድ ከሆነም፣ ማይክሮሶፍት ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ ከኢንተርኔት በመጣ ፋይል ውስጥ ያለን ማክሮ በነባሪ እንደሚያግድ እወቂ። በቀይ መስመር ያሳውቃል እንጂ ያለ ተጨማሪ እርምጃ አያስነሳም። እገዳውን ማንሳት አለማንሳት የደንበኛሽ የኮምፒውተር ክፍል ውሳኔ ነው። «ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብተው አንብሎክ ይበሉት» ብለሽ እሳቸውን አትምሪያቸው። ያም «ያጥፉት» ከማለት ብዙ አይለይም።

ስለ ፓስወርዱም ልንገርሽ። መጀመሪያ ኢሜይሉ አልሄድም ያለው ብዙ የኢሜይል አገልግሎቶች ኢኤክስኢ ስለማይቀበሉ ሊሆን ይችላል። ጂሜይል ለምሳሌ በዚፕ ውስጥ ቢሆንም አይቀበለውም። ፓስወርድ ስታደርጊበት ያለፈው ንጹሕ ሆኖ ስለተገኘ ሳይሆን ፈታሹ ውስጡን ማየት ስላልቻለ ነው። ቫይረስ ላኪዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ስለዚህ ሳይነገር የመጣ ፓስወርድ ያለው ዚፕ ራሱ ያስጠረጥራል። የደመወዝ መረጃን ለመጠበቅ ፓስወርድ ተገቢ ነው፤ ፍተሻ ለማምለጥ ሲሆን ነው ስህተቱ። አስቀድመሽ ንገሪ፣ ፓስወርዱን በስልክ ስጪ፣ ዚፑ ውስጥም ፕሮግራም አይኑር። የፋይሉን ስም ቀይሮ መላክንም ተይው። ከዚያ የሚሻለው ደንበኛው ራሱ በሚቆጣጠረው የጋራ ፎልደር ላይ ማስቀመጥ ነው። በዚያ መንገድ ፋይሉ በእነሱ ፍተሻ ያልፋል፤ ማን እንዲያየው እንደሚፈቀድም እነሱ ይወስናሉ።

ይህን ሁሉ ከጨረስሽ በኋላ እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት የላክሁልዎ ፋይል ማስጠንቀቂያ ስላመጣብዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንቲቫይረሱን እንዲያጠፉ መጠየቄም ትክክል አልነበረም። እባክዎ እንደበራ ይተዉት፤ የቀድሞውን ፋይልም አይክፈቱት። ኮምፒውተሬን በሁለት የተለያዩ መፈተሻዎች አስፈትሼ ምንም አልተገኘበትም። ማስጠንቀቂያው የመጣው ከሰንጠረዡ ጋር በነበረው ትንሽ ፕሮግራም ላይ ነው። ለአንቲቫይረሱ ኩባንያ ልኬዋለሁ፤ መልሱን እንዳገኘሁ አሳውቅዎታለሁ። እስከዚያ ሥራዎ እንዳይስተጓጎል ሪፖርቱን ያለ ፕሮግራምና ያለ ማክሮ አዘጋጅቼዋለሁ። በየት በኩል ባስቀምጠው ይመርጣሉ? የኮምፒውተር ክፍላችሁ አስቀድሞ ቢያየው ደስ ይለኛል፤ እንዲያመሳክሩትም የፋይሉን ሃሽ ከዚህ በታች ጽፌያለሁ።»

ያላደረግሽውን ነገር አትጻፊ። ፍተሻው አንድ ነገር ካገኘ «ምንም አልተገኘበትም» የሚለው ወጥቶ የተገኘው በግልጽ ይጻፍ። ሃሹም ፋይሉ ንጹሕ መሆኑን አያረጋግጥም፤ የደረሳቸው ፋይል አንቺ የላክሽው መሆኑን ብቻ ነው የሚያሳየው። ለዚያ ግን በጣም ይጠቅማል።

ክፍያውን በዚህ መልእክት አታንሺው። አዲሱ ፋይል ደርሷቸው ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ በተለመደው መንገድ ደረሰኝሽን ላኪ። ሁለቱን ከቀላቀልሽ ይቅርታሽ ለገንዘቡ ስትዪ ያቀረብሽው ይመስላል።

ከኮምፒውተር ክፍሉ የሆነ ሰው ቢደውልልሽ ደስ ይበልሽ። እነዚህ ሰዎች ፕሮግራሙን በተለየ ኮምፒውተር ወይም ከቀረው ሥርዓት በተነጠለው የዊንዶውስ ሳንድቦክስ ላይ ከፍተው ሊሞክሩት ይችላሉ። የሚጠይቁሽን መልሺላቸው፣ ኮዱን ማየት ከፈለጉም አሳዪያቸው። በመጨረሻ ሊፈቅዱት ከወሰኑ ያንን አንድ ፋይል ብቻ በሃሹ ለይተው እንዲፈቅዱ እንጂ ሙሉ ፎልደር ከፍተሻ ነጻ እንዳያደርጉ ጠይቂ። «ፎልደሩን ሁሉ ልቀቁልኝ» የማትል ላኪ ስትሆኚ ያስተውሉሻል።

ለሚቀጥለው ሥራ ደግሞ ውል ስትፈራረሚ ሦስት ጥያቄ አስቀድሚ፦ ምን ዓይነት ፋይል ትቀበላላችሁ? በየት በኩል ልላክ? ማስጠንቀቂያ ቢመጣ ማንን ላነጋግር? ፕሮግራም ወይም ማክሮ ካለበት በውሉ ላይ ይጻፍ። ከማስረከቢያው ቀን ቀደም ብለሽም ባዶ ናሙና ላኪ፤ የሰው መረጃ የሌለበት። ማስጠንቀቂያ ካለ የሚመጣው ያኔ ነው፤ ለመፍታትም ጊዜ ይኖርሻል።